ወይ

ሌሊቱን የሆስፒታል አንሶላ ሳጥፍ አድሬ፣
ጣቴ በእንፋሎት ተቀቅሎ፣ ወገቤን በሻሽ አስሬ፣
ፖርቴጅ ጎዳና ላይ፣ ዊኒፔግ ሳይነጋ፣
ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣ ትንፋሼ ሲረጋ፣
እቆማለሁ።
አራት አውቶቡሶች እዚህ ይቆማሉ፤
ሁለቱ ወደ ቤቴ፣ ሁለቱ በድልድዩ ይዞራሉ።
አሥራ ሰባት ቢመጣ እሰየው፣
ሃያ አራትም ያው ነው፣
አሥራ አንድና ሃያ ግን የሌላ ሰው ነው።

ሃምሳ ጠዋት ቆጠርኩ፣ በደመወዝ ፖስታ ጀርባ፣
ጓንቴን በጥርሴ ነክሼ፣ እስክሪብቶው በብርድ ሲባባ።
ለቀደመው አንድ ጭረት፣ ለቀሩት ምንም።
አሥራ ሰባት አሥራ አራቴ ቀደመ፣
ሃያ አራት ዘጠኝ ጊዜ፤
ሃያ ሰባቱ ጠዋት የሌሎች ነበር፣
የኔ ትካዜ።

ልጄ እልልታ (ትምህርት ቤት «ኤላ» የሚሏት)
ጥርሷን እየቦረሸች ፖስታዬን አየችው።
«እማ፣ ይሄ እኮ የኛ ይሆናልነት ነው!»
አለች፣ የአረፋ ጢም አብቅላ።
«አሥራ አራትና ዘጠኝ ደምሪ፤
ሃያ ሦስት ከሃምሳ። ሌላ ምንም አትጨምሪ።»
«ለምን ድምር ሆነ? ማባዛት አይሆንም?»
«ሁለት አውቶቡስ እኩል አንደኛ አይወጣም፤
አንዱ ከቀደመ ሌላው አልቀደመም።»
«በቀደም አንዱ ያንዱን ጅራት ነክሶ መጡ እኮ!»
«ይምጡ። እግርሽ የሚገባው ባንድ በር ነው።»
አፏን ተጉመጠመጠች። «ይሄ 'ኦር' የሚሉት
ባማርኛ ምንድን ነው?»
«ወይ» አልኳት።
«ስትደነግጪ የምትይው ወይ?»
«እሱም ወይ ነው። አሁን የጠየቅሽበትም።»

ሕጉን ግን አውቀው ነበር፣ ስሙን ባላውቀውም፣
ከልብስ ማጠቢያው ነው፣ ከደብተር አይደለም።
አንድ ሌሊት አለቃችን ዳርሊን «ስንት ተበላሸ?» አለችኝ፤
የተቀደደ አሥራ ሁለት፣ ደም ያልለቀቀው ሃያ፣
ሠላሳ ሁለት ብዬ ጻፍኩ፣ ሳልመለስ ወደ ኋላ።
ክምሩ ሲቆጠር ሃያ ዘጠኝ! ሦስት አንሶላ ጎደለ።
ሌባ ሊያሰኘኝ ነው ስል ሮዴል ከማድረቂያው ጀርባ ሳቀ፣ እንዲህም አለ፦
«ሦስቱ ተቀድደውም ደም አለባቸው፤
ሁለቴ ቆጠርሻቸው።»

ቀዳዳና ደም ባንድ አንሶላ አብረው ያድራሉ።
አንደኝነት ግን ጠባብ አልጋ ነው፣
ሁለት አይተኙበትም።

«ሁለት ያባረረ አንድም አልያዘ» ይል ነበር አባቴ።
እውነቱን ነው፣ ላባረረ።
እኔ ግን ቆሜያለሁ። ለቆመ ሰው ሁለት ተስፋ ካንድ ይሻላል፣
ከባዶ አሥራ አራት ሃያ ሦስት ይሞቃል።
ቢሞቅም ግማሽ አይሞላም፤
ሃያ ሰባቱ ጭረት ከፖስታው አይፋቅም።

ዛሬ
ከጉሙ ውስጥ ሁለት መብራት ብቅ አለ፤
ቁጥሩን አመዳይ ሸፍኖታል፣ ልቤ ግን ቀደም ቀደም አለ፦
ወይ አሥራ ሰባት፣
ወይ ሃያ አራት፣
ወይ አሥራ ሰባት፣
ወይ—

ወይ!
አሥራ አንድ።

ጓንቴን ነከስኩ። ከሌሎቹ ረድፍ አንድ ጭረት፤
ሃያ ሦስት፣ ከሃምሳ አንድ።
አውቶቡሱ ግን አላለፈኝም።
በሩ እፎይ ብሎ ተከፈተ፤ ሙቀቱ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ፤
ሹፌሩ ከነቀይ ሻርፑ ወደኔ አጎነበሰ፣
ፖስታውን አየ፣ የታሰረ ወገቤን አየ፣
«ትገቢያለሽ ወይ?»